የህንድ ወጥ ከእኛው የቅመም መደርደሪያ

የህንድ ምግብ በየቤታቸው መሥራት የሚፈልጉ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛውን ማሳላ፣ ማለትም የህንድ የቅመም ቅይጥ፣ እንደሚገዙ ነው። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው ገና ምንም አትግዙ ብዬ ነው። የራሳችሁን የቅመም መደርደሪያ ክፈቱና እዩ። ከሙን፣ ድምብላል፣ እርድ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ሰናፍጭ። ደህና ወጥ የሚሠራበት የኢትዮጵያ ቤት ከእነዚህ አብዛኞቹን አያጣም። አንዲት የጉጅራት እናት አዲስ አበባ መጥታ ጓዳችን ብትገባ፣ በአማርኛ ማን እንደሚባሉ ባታውቅም እያሸተተች አንድ በአንድ ትለያቸው ነበር።

ሁለቱ ማዕዶች ግን አይመሳሰሉም። ከአንድ ዓይነት ቅመም ተነስተን እጅግ የተራራቀ ወጥ እንሠራለን፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው። ከሙኑ ያው ከሙን ሆኖ ሳለ በእኛ ቤት ተፈጭቶ፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ በእነሱ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ፍሬው እንዳለ ትኩስ ዘይት ውስጥ ይጣላል። ቅመሙ መቼ እንደሚገባ፣ በምን መልኩ እንደሚገባና በምን ቅባት እንደሚበስል የገባው ሰው ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልምምድ ብቻ ነው።

የምኖረው ዱባይ ውስጥ ካራማ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከህንድ በመጡ ቤተሰቦች የተሞላ ስለሆነ ትኩስ የካሪ ቅጠል የሚሸጥ ሱቅ ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤቴ የኬራላ ሴት ናቸው። ፎቁ ላይ ያለን ሁሉ ቼቺ እንላቸዋለን፤ በቋንቋቸው በማላያላም ታላቅ እህት የሚጠራበት ነው። የቅመምን ነገር ያስያዙኝ እርሳቸው ናቸው፤ የጀመሩልኝም በጣም ቀላል ከሆነው ምግብ፣ ዳል ከሚሉት የምስር ወጥ ነው።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ቼቺ አንድ ኩባያ ምስር ክክ ውሃው እስኪጠራ አጥበው፣ አራት ኩባያ ውሃ ጨምረው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው ብቻ አድርገው ጣዱት። ሽንኩርት አልተቁላላም፣ በርበሬ አልገባም፣ የዘይት ጠብታ እንኳ የለበትም። ምስሩ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተንተክትኮ ሟሟ። ሲቀመስ ጨውና እርድ ያለበት የተቀቀለ ምስር ነው፤ ሌላ ምንም አይልም። ከዚያ ትንሽ መጥበሻ አውጥተው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት አሞቁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ጣል አደረጉበት። ፍሬው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና መንጣጣት ጀመረ፤ ቼቺ ክዳን ያዝ አደረጉበት። መንጣጣቱ ጋብ ሲል ከሙን ገባ። ከሙኑ ዙሪያውን ትናንሽ አረፋ አውጥቶ መልኩ ጠቆር ሲል ሁለት ዛላ ደረቅ በርበሬና በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ተከተሉት። ነጭ ሽንኩርቱ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን፣ በመጨረሻ አሥር ያህል የካሪ ቅጠል። ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ ዘይቱ እየተፈናጠረ ጮኸ። ሰናፍጩ መንጣጣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። መጥበሻውን አንስተው ዘይቱን ከነቅመሙ ምስሩ ላይ ገለበጡትና ወዲያው ከደኑት። ትንሽ ቆይተው ሲከፍቱት ከድስቱ የወጣው መዓዛ ቤቱን አወደው።

ይህ በሂንዲ ታድካ ይባላል። በየክልሉ ስሙ ይለያያል፤ ዘይቱም እንደዚሁ። ቤንጋል የሰናፍጭ ዘይት ይወዳል፣ ኬራላ የኮኮናት፣ ሰሜኑ ነጥሮ የተጣራውን ቅቤ፣ ጊ የሚሉትን። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ቅባት ይሞቃል፣ ቅመሙ እንደ ጠባዩ በተራ ይገባል፣ የበሰለው ምግብ ላይ ይፈስሳል። አንዳንዱ ወጥ በታድካ ይጀምራል፣ አንዳንዱ በታድካ ያልቃል፤ በሁለቱም በኩል የሚደረግለትም አለ።

ሰናፍጩ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እኛ ሰናፍጭ ስንል በጾም ቀን የሚቀርበው፣ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ እንባ የሚያመጣው ማጣፈጫ ነው የሚታወሰን። ይህ ማቃጠል ግን ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ፍሬው ሳይነካ ሲቀር ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሲፈጭና ውሃ ሲነካው ተገናኝተው ያን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። ከሁለቱ አንዱ ኢንዛይም ስለሆነ ሙቀት ያጠፋዋል። ስለዚህ ፍሬው ሳይፈጭ ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያቃጥለው ነገር የመፈጠር ዕድል አያገኝም፤ የሚወጣው ለውዝ ለውዝ የሚል፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ጣዕም ነው። ይህን ያወቅሁ ጊዜ በጣም ነው የተደነቅሁት። ዕድሜ ልካችንን የምናውቀው ፍሬ ሌላ ጠባይ ደብቆ ኖሯል። ከመርካቶ የተገዛው የእኛው ሰናፍጭ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ አፈርና ድንጋዩን ለቅሞ አጥቦ በደንብ ማድረቅ ብቻ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይፈናጠራል።

ዘይቱስ ለምን? የቅመም መዓዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፤ ቅባት ውስጥ ግን ይሟማሉ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚንም እንዲሁ ነው። ከሙንን በሚፈላ ውሃ ላይ ብትበትኑት ሽታው አብዛኛው በእንፋሎት ይሄዳል፤ በትኩስ ዘይት ካሳለፋችሁት ግን ዘይቱ መዓዛውን ይዞ በድስቱ ሁሉ ያዳርሰዋል።

ይህን ስጽፍ ልቤ ወደ እናቴ ጓዳ ይሄዳል። እናቶቻችን ይህን ሳያውቁት የኖሩ ነገር አይደለም። ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ እርዱን እዚያው ቅቤው ውስጥ ያንተከትኩታል። ታድካ ማለት ይኸው ነው! ልዩነቱ የእኛው አስቀድሞ ተሠርቶ ተጠልሎ በዕቃ የሚቀመጥ፣ የእነሱ ደግሞ ዕለቱን፣ ወጡ ፊት የሚሠራ መሆኑ ነው። በርበሬም እንዲያው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ ይደርቃል፣ ቅመሙ ታምሶ ይጨመርበታል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቡና ተፈልቶ የሚውልበት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ወጥ ሠሪዋ አንድ ማንኪያ ስታነሳ የስንት ሰው ድካም አብሮ ይገባል። የህንድ ወጥ ሠሪ ግን ብዙውን ሥራ በየቀኑ ድስቱ ፊት ቆማ ነው የምትሠራው። በእርግጥ ደቡብ ህንድ ውስጥም ሳምባር ለሚሉት የክክና የአትክልት ወጥ የሚሆን ዱቄት በፀሐይ አድርቀው ለወራት የሚያስፈጩ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ድንበሩ እንደ ግንብ የቆመ አይደለም። ሆኖም ከእኛ ወገን ለሚጀምር ሰው ዋናው አዲስ ነገር ይህ ነው፤ እሳቱ ፊት ዓይንና አፍንጫን ከፍቶ መቆም።

ስለዚህ በዳል ጀምሩ። ዳል ላይ ቅመሙ ከምስሩ ተለይቶ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ምን እንደሚጨምር ይታወቃል። አንድ ቀን በከሙን ብቻ ሥሩት፣ ሌላ ቀን ሰናፍጭ ጨምሩ፣ ሌላ ቀን አብሽ። አብሽ ስትጨምሩ ግን አምስት ስድስት ፍሬ ይበቃል፤ ወርቃማ ሆኖ ወደ ቀይ ሲጠጋ ቶሎ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ከጠቆረ ድስቱን ሙሉ ያመርረዋል።

በዳል ውስጥ በርበሬያችንን አትጨምሩ። የእኛ በርበሬ ራሱን የቻለ ቅንብር ነው፤ ኮረሪማውም፣ በሶብላውም፣ ነጭ አዝሙዱም ውስጡ አለ፤ ከገባ ወጡ ወዲያው ምስር ወጥ ይሆናል። ምስር ወጥን የሚወድ ሁሉ እንደኔ ይወደዋል፤ ዛሬ የምንሠራው ግን እሱን አይደለም። ሚጥሚጣም እንደዚሁ ቅመም ያለበት ነው። የሚያስፈልገው ዛላ በርበሬ ብቻውን ነው፤ ለታድካ እንዳለ፣ ለወጥ ያለ ሌላ ቅመም የተፈጨ። የማረቆ ዛላ ካላችሁ እጅግ ጥሩ ነው። ህንዶች ለቀለም የሚመርጡት የካሽሚር በርበሬ መቅላቱ ከማቃጠሉ ይበልጣል፤ እናንተም ዛላውን ፍሬውን አራግፋችሁ ብታስፈጩት ወደዚያው ትጠጋላችሁ። ለንጥር ቅቤም ምክሬ ይኸው ነው። ቅቤው ተቀምሞ ከሆነ የራሱን ጣዕም ይጭናል፤ ለህንድ ወጥ ቅመም ያልነካውን ቅቤ አንጥራችሁ በትንሽ ዕቃ ለብቻው አስቀምጡ።

ጋራም ማሳላ ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ምስጢር የሚያየው ነው። ለእኛ ግን ከሁሉም ቀላሉ ይህ መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም መከለሻ እናውቃለን። መከለሻ ወጡ ደርሶ ሊወርድ ሲል ከላይ ጣል የሚደረግ፣ መዓዛውን የሚያነሳ ቅመም ነው። ጋራም ማሳላም በአብዛኛው ሥራው ይኸው ነው፤ ወጡ ካለቀ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ውስጡ ያሉትም ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ገውዝ ናቸው፤ ሁሉም የምናውቃቸው። የሚለየው በኮረሪማ ፈንታ ሄል መግባቱ ነው። ኮረሪማና ሄል ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ኮረሪማ የእኛው አገር ደን ተክል ሲሆን፣ ሄል ደግሞ የደቡብ ህንድ የምዕራብ ጋትስ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ቼቺ ያደጉበት ኬራላ ውስጥ በስሙ የሚጠሩ ኮረብቶች አሉ። ሄሉ ጣፋጭና ቀላል ነው፤ ኮረሪማ ከበድ ይላል። ነገር ግን ከምሥራቅ ሂማላያ፣ ከሲኪምና ከኔፓል አካባቢ የሚመጣ፣ በጭስ የሚደርቅ ጥቁር ሄል የሚባል አለ፤ የሥጋ ወጥና ቢሪያኒ የሚሉት የሩዝ ምግብ ውስጥ ይገባል። ያንን ሲጠይቋችሁ ኮረሪማ ተጠቀሙ። የጭሱ ሽታ ይጎድላል እንጂ ያ ሞቅ የሚያደርግ፣ ካምፎር የሚመስል ጠባዩ ይገኛል። በሩዝ ወተትና በጣፋጮች ውስጥ ግን ኮረሪማ ሄልን አይተካም፤ እዚያ ላይ ሄሉን ግዙ።

ካሪ ፓውደር ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ቢጫ ዱቄት ለመጀመሪያ ትምህርት አልመክርም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን የለመዱ እንግሊዞች በአገራቸው ያን ጣዕም በፍጥነት ለማግኘት ያስፋፉት ቅይጥ ነው፤ የካሪ ቅጠል ከሚባለው ዛፍ ጋርም በስም ካልሆነ ግንኙነት የለውም። ምንም ክፋት የለበትም። ነገር ግን ዓሣውም፣ ድንቹም፣ ዶሮውም በእሱ ሲሠሩ አንድ ዓይነት ጣዕም ይይዛሉ፤ እናንተም ከሙን ምን እንደሆነ፣ ድምብላል ምን እንደሆነ ሳትለዩ ትቀራላችሁ።

ድምብላልን ካነሳሁ ዘንድ፣ እኛ የምናሳንሰው ቅመም እሱ ነው። በህንድ ቤት የተፈጨ ድምብላል የወጡ አካል ነው፤ በከሙን እጥፍ ይገባል፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። መረቁን ያወፍራል፣ የሌሎቹን ኃይል ያለዝባል፣ ራሱም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ደስ የሚል ሽታ አለው። ፍሬውን በደረቅ መጥበሻ በዝቅተኛ እሳት አምሳችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ ፍጩት። አዲስ የተፈጨ ድምብላልን ያሸተተ ሰው ከሱቅ የመጣውን የቆየ ዱቄት እንደገና ለመግዛት ልቡ አይፈቅድም።

አሁን ወደ ቁሌት ልለፍ፤ እዚህ ላይ ነው ብልሃታችን የሚረዳን። በሽምብራ የሚሠራውን ቻና ማሳላ እንውሰድ። ሽምብራው ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል፣ ከዚያ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ በ92 ገደማ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት ለእናንተ አይሠራም፤ ፕሬዠር ኩከር ካለ ተጠቀሙ። ሽንኩርቱን በተመለከተ እኛ መጀመሪያ ያለ ዘይት እናቁላላለን፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስልና ይሟሟል። የሰሜን ህንድ ወጥ ግን ሽንኩርቱን ከመጀመሪያው በዘይት ይጠብሳል፤ ወርቃማ አልፎ ቡኒ እስኪሆን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል። የወጡ ቀለምና ጥልቀት ከዚህ ይመጣልና አትቸኩሉ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብረው ተደቁሰው ይገባሉ፤ ጥሬ ሽታቸው እስኪጠፋ። እሳቱን ቀንሱ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ድምብላል፣ አንድ ከሙን፣ ግማሽ እርድ፣ አንድ የተፈጨ ዛላ። ዱቄት በአፍታ ስለሚያርር ወዲያው ውሃ ጠብ አድርጉበት። በርበሬ ስታቁላሉ የምታደርጉትን ማለቴ ነው፤ ጠብ፣ ማማሰል፣ ጠብ፣ ማማሰል። ከዚያ ቲማቲም ገብቶ ይበስላል፤ ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ በድስቱ ዳር ዳር ሲያበራ ደርሷል ማለት ነው። ህንዶችም የሚጠብቁት ምልክት እሱኑ ነው። ቼቺ ይህን ሲያሳዩኝ እኔም የእናቴ ቁሌት እንዲሁ እንደሚታወቅ ነገርኳቸው፤ እጄን ያዝ አድርገው "ግማሹን የተማርሽው ከእናትሽ ነው" አሉኝ።

ሽምብራው ከተቀቀለበት ውሃ ጋር ይገባና ሩብ ሰዓት ይንተከተካል። በመጨረሻ ጋራም ማሳላ፣ ቀጥሎም ጎምዛዛ ነገር። ይህን እንዳትተዉ አደራ። የህንድ ወጥ ውስጥ ኮምጠጥ የሚል ነገር ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ አለ፤ እርጎ፣ ቲማቲም፣ አምቹር የሚባለው የደረቀ ጥሬ ማንጎ ዱቄት፣ ወይም ታማሪንድ፣ ድሬዳዋና ሐረር ያደጉ ሰዎች ሁመር የሚሉት። ሎሚ ይበቃል። ወጡ ቅመም ሞልቶት ሳለ የሆነ ነገር የጎደለው ከመሰላችሁ፣ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ሎሚ ሞክሩ።

ከሁሉ በላይ የምወደውን አሁን ልንገራችሁ። ቤንጋሎች ፓንች ፎሮን የሚሉት የአምስት ፍሬ ድብልቅ አላቸው፤ አይፈጭም፣ ፍሬው እንዳለ በእኩል መጠን ይቀላቀላል። አምስቱ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሙን፣ እንስላልና ሰናፍጭ ናቸው፤ በሰናፍጩ ቦታ ራዱኒ የሚባል የአገራቸውን ፍሬ የሚጠቀሙም አሉ። አምስቱም የእኛ ገበያ ዕቃዎች ናቸው! ከመርካቶ አንድ የቅመም ተራ ሳይወጡ ተሟልተው ይገኛሉ። ከየዓይነቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀላቅሎ በብልቃጥ ማስቀመጥ ነው። ዱባ በኩብ ቆርጣችሁ፣ ዘይት አሙቃችሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከዚህ ድብልቅ ጣል፤ ሰናፍጩ ሲንጣጣ ዛላ በርበሬና ዱባው ይግባ፣ ጨው፣ ትንሽ እርድ፣ ክዳን። ውሃም ብዙ አያስፈልገውም። በጥቅል ጎመን፣ በድንች፣ በፎሶሊያም ይሆናል። ጥቁር አዝሙድን በዳቦ ላይ ብቻ ለምናውቀው ለእኛ ጎመን ውስጥ ስናገኘው የሚሰጠው ደስታ ልዩ ነው።

ይህ ምግብ ለጾም ቀን የተሠራ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በህንድ ሥጋ የማይበሉ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ የአትክልት ምግብ የተባለ ሁሉ ለእኛ ጾም አይሆንም። ምግብ ቤት ስትገቡ ዳሉ በጊ መሠራቱን ጠይቁ። ቤት ውስጥ ግን በዘይት ሲሠራ ምንም አይጎድልበትም፤ የኬራላ ወጥ ደግሞ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ቅቤን አያስታውስም። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ሽሮና ምስር ሲደጋገምብኝ የሚያግዘኝ ይህ ነው።

መግዛት ያለባችሁ ነገር ካለ ሁለት ናቸው። አንደኛው የካሪ ቅጠል፤ ደርቆ የሚሸጠው መዓዛው ስለሚደክም ትኩሱን ፈልጉና የተረፈውን በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ካላገኛችሁ ተዉት፤ በሌላ ቅጠል አትተኩት። ሁለተኛው ሂንግ ነው። ሂንግ ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ደረቅ ምድር የሚመጣ፣ ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው። ህንድ ከማንም በላይ ትጠቀምበታለች፤ ሆኖም በገዛ ምድሯ ለማልማት የመጀመሪያው ችግኝ የተተከለው በጥቅምት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሰሜን ህንድ በሂማቻል ፕራዴሽ ክልል ላሁል ሸለቆ ነው። ጥሬው ሲሸት ይከብዳል፤ ዕቃውን ሁለት ጊዜ ከድኑት። ትኩስ ዘይት ሲነካው ግን ተለውጦ በደንብ የተጠበሰ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሽንኩርት የማይበሉት፣ ጃይን የሚባለው የህንድ ሃይማኖት ምዕመናን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት በእሱ ነው። የምስማር ራስ የምታህል ቁንጥር ትበቃለች። ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ስለሚሸጥ ስንዴ የማይስማማው ሰው ማሸጊያውን ያንብብ።

የተቀረውን ሁሉ በፍሬው ግዙ። ፍሬ ሳይፈጭ ዓመትም ቢቆይ ደህና ነው፤ ዱቄት ግን በወራት ይደክማል። ሌላም ምክንያት አለ። የተፈጨ ነገር ውስጥ ምን እንደተጨመረ ዓይን አይለይም። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም፣ ሊድ ክሮሜት፣ ይቀባ እንደነበረ ተመራማሪዎች አረጋግጠው፣ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ጠንካራ እርምጃ ወስዶበታል። እዚያ ቀለሙ ሥሩንም ጭምር ይቀባ ስለነበር በጣም የሚያብረቀርቅ እርድ አይማርካችሁ። ቴፒ አካባቢ የሚመረተው የአገራችን እርድ ደረቅ ሥሩ ሲገኝ ደስ ብሎኝ ነው የምገዛው። ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣም ከቡናና ከበርበሬ ቀጥሎ የማስመጣው እሱን ነው።

ይህ የቅመም ዝምድና ከየት እንደመጣ ሳስብ ቀይ ባሕር ይታየኛል። ቁንዶ በርበሬ የማላባር ጠረፍ፣ የዛሬዋ የኬራላ ተክል ነው። በግብፅ የቀይ ባሕር ወደብ በበረኒኬ፣ በሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከ7 ኪሎ በላይ ቁንዶ በርበሬ የያዘ የህንድ ማሰሮ ተቆፍሮ ተገኝቷል። በዚያው ባሕር የአክሱም ወደብ አዱሊስ ነበረች። ደብረ ዳሞ ገዳም ደግሞ የሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ዛላ በርበሬ ግን ለሁለታችንም እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን ህንድ የደረሰው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት ከገባ በኋላ በፖርቱጋሎች መርከብ ነው። ከዚያ በፊት በህንድ ወጥ ውስጥ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና የጥምዛችን ዘመድ የሆነው ረጅሙ ቁንዶ በርበሬ ነበር። ቼቺ ዛሬም ራሰም የሚሉትን ቀጭን ሾርባ ሲሠሩ ቁንዶ በርበሬና ከሙን ብቻ ወቅጠው ያደርጉበታል፤ ጉንፋን ሲይዘኝ በቴርሞስ ያመጡልኛል።

ቼቺ ቅመማቸውን የሚያኖሩት ክብ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ውስጡ ሰባት ትናንሽ ኩባያዎች አሉት፤ ማሳላ ዳባ ይባላል። ክዳኑ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። በታድካ ጊዜ ብልቃጥ ከፍቶ ለመዝጋት ፋታ የለምና ጥቅሙ ትልቅ ነው። ይህ ባይኖርም በቡና ሲኒዎች ቀድሞ መድቦ መጠበቅ ይቻላል። ዋናው ዘይቱ ሳይሞቅ ሁሉም ተለክቶ አጠገብ መሆኑ ነው። ፍሬ መጀመሪያ፣ እርጥብ ነገር ቀጥሎ፣ ዱቄት ከሁሉ በኋላ፤ ምክንያቱም ዱቄት ቀድሞ ያርራል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በእንጀራ ይበላል ወይ? ይበላል፤ እኔ ቤት ብዙ ጊዜ የሚበላው በእንጀራ ነው። ዳል ለሩዝ ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ከወጣችን ይቀጥናል፤ ለእንጀራ ከሆነ በአራት ኩባያ ውሃ ፈንታ ሦስት አድርጉና ትንሽ ቆየት ብሎ ይውረድ። ለሩዝ ከሆነ ባስማቲውን ደጋግማችሁ አጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፤ ስትቀቅሉት ሁለት ፍሬ ሄልና አንድ እንጨት ቀረፋ ጣል አድርጉበት። ታድካው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ማዕዱ ቀርቦ ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ አሙቁት።